6 ሚሊ ሜትር

ባክቴሪዮሎጂ ክፍል ለምንሠራ ሰዎች የጠዋቱ የመጀመሪያ ሥራ መለካት ነው። ኢንኩቤተር ውስጥ ያሳደርነውን ፕሌት (ባክቴሪያ የምናበቅልበትን ጠፍጣፋ ሳህን) እናወጣና በእያንዳንዱ የመድኃኒት ዲስክ (መድኃኒት በያዘች ክብ ወረቀት) ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ በማስመሪያ እንለካለን። ክቡ ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ጠባብ ከሆነ ያጠራጥራል። ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ ተጠግቶ ከበቀለ የምንጽፈው ቁጥር 6 ነው። 6 ሚሊ ሜትር የዲስኳ የራሷ ስፋት ነው። መድኃኒቱ ካረፈበት ወረቀት አልፎ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ አልከለከለም ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ ሰው ለታመመ ዘመዱ የጽኑ ሕሙማን አልጋና ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዞር በነበረበት ሰሞን፣ ከላይ እስከ ታች 6 የተጻፈባቸው የውጤት ወረቀቶች ከክፍላችን በተደጋጋሚ ይወጡ ጀመር። መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው ባክቴሪያ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እሳት ካቃጠላቸው ሕሙማን ቁስል፣ ከጨቅላ ሕፃናት ደም፣ ከኮሮና በፊትም እናገኘው ነበር። ያን ሰሞን ግን ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቫይረሱ ነው፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚቆጠረው በቫይረሱ የተያዘው፣ ያገገመውና የሞተው ነው። እኔ ፊት ያለው ፕሌት ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል። ከእነዚያ ወረቀቶች ከአንዱ ጋር የመጣ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

## ኮሮናው ለቋቸው ነበር

ናሙናው የአንድ አባት ነው፤ በመተንፈሻ ቱቦው በኩል ከሳንባቸው የተመጠጠ አክታ። ሐኪሙ የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው አጭር ነበር። የኮሮና ምርመራቸው ኔጌቲቭ ሆኗል፤ መሻሻል ጀምረው ነበር፤ አሁን ትኩሳቱ ተመልሷል፣ አክታው ወፍሯል፣ የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ጨምሯል። እስካሁን የተሰጡ መድኃኒቶች በሚለው መስመር ላይ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን፣ ቫንኮማይሲን፣ ሴፍታዚዲም፣ ሜሮፔነም ተደርድረዋል። ከዚያ በፊት ከእሳቸው የተላከ አንድም የካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ናሙና በመዝገባችን አልነበረም።

ማኮንኪ በሚባለው ማብቀያ ፕሌት ላይ ቀለም የሌላቸው ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) በቀሉ። ግራም ስቴይኑን፣ ኦክሲዴዙን፣ የቀሩትንም ምርመራዎች ሠራን፤ አሲኔቶባክተር ነው። ይህ ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም አይበረታም። ብርታቱ በመቆየቱ ነው። በደረቅ ቦታ፣ በአልጋ ብረት ላይ፣ በመሣሪያ እጀታ ላይ፣ ምግብና ውኃ ሳያገኝ ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል። ዲስኮቹን አስቀምጠን አሳደርነው። ጠዋት ለካሁ። ሴፍታዚዲም 6፣ ሴፌፒም 6፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን 6፣ ጄንታማይሲን 6፣ አሚካሲን 6፣ ሜሮፔነም 6። ዲስኮቹ ተበላሽተው እንዳይሆን ብዬ ለማረጋገጫ የምናሳድገውን ባክቴሪያ ፕሌት አየሁ። እሱ ላይ ሁሉም ዲስኮች የሚጠበቅባቸውን ሰፊ ክብ አውጥተዋል። ችግሩ የዲስኮቹ አልነበረም።

አባትየው ወደተኙበት ክፍል ደወልኩ። ተረኛው ሐኪም ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ሲያበቃ «ኮሊስቲንስ?» አለኝ። ኮሊስቲን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ኩላሊት ስለሚጎዳ ለረጅም ጊዜ ተትቶ የቆየ፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል የሚወጣ መድኃኒት ነው። በዲስክ ቢለካ ውጤቱ አይታመንም፤ መድኃኒቱን በፈሳሽ ውስጥ በተለያየ መጠን በጥብጦ ባክቴሪያው በየትኛው መጠን እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋል። ለዚያ የሚሆን ዕቃ በጊዜው አልነበረንም። ይህንኑ ነገርኩት። «እሺ፣ ቤተሰቡ ይፈልግ» አለ። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው በመስኮታችን መጣ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። ያኔ አስታማሚ ወደ ክፍሉ አይገባም ነበርና ቀኑን የሚያሳልፈው ከአጥሩ ሥር ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ነው። የውጤቱን ቅጂ ይዟል።

«ሲስተር፣» አለኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ «አባቴን ኮሮናው ለቆታል ተብለን ነበር። እናቴ ስትሰማ እልል ብላለች። አሁን ደግሞ መድኃኒት ፈልግ ተባልኩ። እዚህ ላይ የተጻፉት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ባንዴ መግዛት አልችልም። የትኛው ይቅደም?»

ወረቀቱን አየሁት። የእኔ ጽሕፈት ነው። በግራ በኩል የመድኃኒቶቹ ስም፣ በቀኝ በኩል የለካሁት ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱን የሚያሳየው ምልክት። እሱ የመድኃኒት ማዘዣ መስሎት ነው ያነበበው። በየስሙ ላይ በእስክሪብቶ ጭረት አድርጓል። ከሦስቱ አጠገብ ዋጋ ጽፏል፤ ፋርማሲ ገብቶ ጠይቋል ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ እነዚህ እንዲገዙ የተጻፉ አይደሉም» አልኩት። «የማይሠሩላቸው ናቸው።»

«ሁሉም?»

«እዚህ ያሉት ሁሉም። ሐኪሙ የፈለገው ሌላ ነው፤ ስሙን ለብቻው ይጽፍልሃል።»

ወረቀቱን አጠፈው፤ ግን አልሄደም። መስኮቱ ጋ እንደቆመ ትንሽ አሰበና «ቤት እያለ ይሄ ነገር ነበረበት? ወይስ ከየት አገኘው?» አለኝ።

ነገሩን አለባብሶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ በሆስፒታል ቤት እንዲህ ላለ ጥያቄ የተለመዱ ማለፊያዎች አሉ። ግን ሰውየው የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፊቴ ባለው ፕሌት ላይ ነበር። «ከቤት ይዘውት አልመጡም። ሆስፒታል ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው» አልኩት።

«እኛ እኮ እንዲድን ነው ያመጣነው» አለ። አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ይህን ብሎ ኮሊስቲን ፍለጋ ወጣ። በኋላ ከብዙ መዞር በኋላ ማግኘቱን ሰማሁ። አባቱ ግን መድኃኒቱ በተጀመረላቸው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

የሞታቸው ምክንያት ተብሎ የተመዘገበው ኮቪድ-19 ነው። ይህ ስህተት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሕመምተኛው በመሃል ሙሉ በሙሉ አገግሞ ካልነበረ ሞቱ የሚቆጠረው ለኮቪድ ነው፤ ሁሉንም ነገር የጀመረው እሱ ነውና። በአገራችን በይፋ ከተመዘገቡት ከ7,500 በላይ የኮቪድ ሞቶች አንዱ የእሳቸው ነው። የልጃቸው ጥያቄ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

## ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ኅዳር 12 ቀን የተጠረገ ቆሻሻ በየደጁ ሲቃጠል እያየን ያደግን ሁሉ የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ከአያቶቻችን ሰምተናል። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው ጨረሰ ይባላል፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ስለዚያ ወረርሽኝ እኔ የማላውቀው፣ ሙያዬ ሆኖ እያለም ዘግይቼ ያነበብኩት አንድ ነገር ነበር። በኮሮና ጊዜ ስማቸው ከቤታችን የገባው አሜሪካዊው ሐኪም አንቶኒ ፋውቺ፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚያ ዘመን ተጠብቆ የቆየ የ58 ሟቾች የሳንባ ናሙና እንደገና ታይቷል። የያኔውን የአስከሬን ምርመራ መዛግብትም አገላብጠዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የጨረሳቸው በቫይረሱ ላይ የተደረበ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ገጽ ያቆስላል፤ ባክቴሪያው በቁስሉ በኩል ወደ ሳንባ ይወርዳል።

የእነዚያ ባክቴሪያዎች ማንነት ነው እኔን ያስቆመኝ። ኒሞኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ስታፍ፤ ሰው በደህናው ቀን በአፍንጫውና በጉሮሮው ይዟቸው የሚኖር ናቸው። የኅዳር በሽታ ሟች ገዳዩን ከቤቱ ይዞት ነበር። የሚያድነው መድኃኒት ደግሞ ገና አልተፈጠረም፤ ፔኒሲሊን የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. ነው።

በኮሮና ጊዜ ይህ ተገለበጠ። መድኃኒቱ አለ። ባክቴሪያው ግን ከሕመምተኛው ጋር አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 አገሮች፣ ከ450,000 ያህል ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ሕሙማን የሰበሰበውን መረጃ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ፣ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የነበረባቸው 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። በዚያ ትንሽ ቁጥር ውስጥ የገባ ሰው ዕጣ ግን ከባድ ነበር። በህንድ 10 ሆስፒታሎች ከ17,000 በላይ ሕሙማን ሲታዩ በሆስፒታል ቆይታቸው ተጨማሪ ኢንፌክሽን የያዛቸው 3.6 በመቶ ነበሩ። ከሕሙማኑ ሁሉ የሞተው ከ10 ሰው አንድ ያህል ሲሆን፣ ተጨማሪ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ግን ከግማሽ በላይ፣ 56.7 በመቶ ሞተዋል። ከናሙናቸው በብዛት የወጡት ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር ናቸው። እዚህ እኛ መዝገብ ላይም የሚደጋገሙት እነዚያው ሁለት ስሞች ነበሩ። ክሌብሲየላን ፕሌቱ ላይ ገና ሳትነካው ታውቀዋለህ፤ ሮዝ፣ ወፍራም፣ በሽቦ ሲነሣ እንደ ክር የሚሳብ ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ 585 ሕሙማንን ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የዚያን አባት ታሪክ የጻፈ ያህል ተሰማኝ። ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ የሚመጣው የሳንባ ምች ታክሞ ሲድን ሰው ይተርፋል፤ ሳይድን ሲቀር ይሞታል። ብዙ ሰው በቫይረሱ ብቻ የተነሣ ሞተ ብለን ስናስብ፣ ያልዳነው ሁለተኛው ምች ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ስለ ኅዳር 12 አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ስለ መድኃኒት መላመድ ግንዛቤ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሳምንት ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 9 እስከ 15 ገደማ ማለት ነው። ኅዳር ሲታጠን ሁልጊዜ በዚያ ሳምንት ውስጥ ይውላል። ሆስፒታሎች ለሳምንቱ ባነር ሲሰቅሉ ውጭ ሰፈሩ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ታሪክ መሆናቸውን በዚያ ቀን ቢነገር ሰው የሚሰማ ይመስለኛል።

## የጨነቀው እርጉዝ ያገባል

በዚያው የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የነበረባቸው 8 በመቶ ሲሆኑ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ከ4 ሕሙማን 3ቱ ናቸው። በአፍሪካና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጣና 83 በመቶ ደርሷል። ይህን ሳነብ ሐኪሞቹን ለመክሰስ አልተቻኮልኩም፤ አጠገባቸው ነበርኩ። የሰውየው ኤክስሬይ በሁለቱም በኩል ነጭ ነው፣ ትኩሳት አለ፣ ኦክስጅኑ እየወረደ ነው፣ ለቫይረሱ የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ባክቴሪያ ይኑር አይኑር የሚለይ ምርመራ ሳይኖር ባዶ እጁን የሚቆም ሐኪም የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አዚትሮማይሲን ለቫይረሱም ይረዳል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ስለነበር ከከተማው ፋርማሲዎች እስኪጠፋ ተገዛ። በእንግሊዝ ከ7,700 በላይ የተኙ ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ ምንም ጥቅም እንደሌለው ያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላም በመጠየቂያ ወረቀቶች ላይ ስሙ ለረጅም ጊዜ አልጠፋም።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ሰውነት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ላይ ግን መሥራቱን አያቆምም። በአንጀታችንና በጉሮሯችን ያሉትን ደጋጎቹን ይገድላል፤ የተላመደው ይቀራል። ሰብሉን አጭዶ አረሙን ማሳው ላይ እንደመተው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሁሉ የአረሙ ነው። በዚያ ላይ ዴክሳሜታዞን አለ። ሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን በሲሶ እንደሚቀንስ የታወቀው ይህ ስቴሮይድ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ በክፍሎቻችንም ሲያተርፍ አይተናል። የሰውነትን የመከላከል አቅም ዝቅ ማድረጉም እውነት ነው። ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ፣ ስቴሮይድ ደም ውስጥ፣ የተላመደው ብቻ የቀረበት አንጀትና ጉሮሮ። አሲኔቶባክተር ከዚህ የተመቸ ቦታ አያገኝም።

እዚህ ላይ በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ሁልጊዜ የማነሣው ቅሬታ አለኝ። ስለ መድኃኒት መላመድ በየጤና ጣቢያው የተለጠፈው ሁሉ የሚናገረው ለሕመምተኛው ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይግዙ፣ ለጎረቤት አያካፍሉ፣ ጀምረው አያቋርጡ ይላል። ልክ ነው፤ መባልም አለበት። ያ አባት ግን ከእነዚህ አንዱንም አላጓደሉም። እያንዳንዷ መርፌ በሐኪም ትዕዛዝ፣ በሰዓቷ፣ በነርስ እጅ ነው የተሰጠቻቸው። ጥፋቱን ሁሉ ፋርማሲ በር ላይ ለቆመው ሰው ስንሰጥ በራሳችን ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ጊዜ እናጣለን።

በግቢያችን ውስጥ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የካልቸር መቅረት ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ከባክቴሪዮሎጂ ክፍል ሰዎች ወደ ፒሲአር፣ ወደ ቫይረሱ ምርመራ፣ ተዘዋወሩ። መዘዋወራቸው ግድ ነበር፤ አገሪቱ ቫይረሱን መመርመር ነበረባት። ግን የኮቪድ ክፍል ናሙና እንደ አደገኛ ዕቃ ይታይ ስለነበር፣ ናሙና የሚወስደውም የሚያመጣውም እጅ አጠረ። ብዙ ሕሙማን አምስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተቀያይሮላቸው፣ ምን እንደያዛቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠየቅ ቀረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለታማሚው ነበር። እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው ታማሚው አይደለም።

ዘመድ ለምታስታምሙ ይህን ልንገራችሁ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ወይም አክታ ለካልቸር ይወሰድ እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ምንም አያበቅልም። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ያን ቀን ተመልሳችሁ «ውጤቱን አይታችኋል? መድኃኒቱ ይቀየራል ወይስ ይቆማል?» በሉ። ብዙ የሚጠይቅ አስታማሚ ሥራ ያበዛል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ እንዲያውም በዚህ ጥያቄ ምክንያት ወደ ላብራቶሪ የተደወለ ስልክ ሁሉ ደስ ብሎኝ የማነሣው ነው።

## ከአጥሩ ውጭ የቀሩ እጆች

ሁሉም ነገር ግን በመድኃኒት አይደለም። የተላመደው ባክቴሪያ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚሄደው በእጅ፣ በልብስና በዕቃ ነው። በኮሮና ጊዜ ይህ መንገድ ሰፋ።

ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ተሸፋፍኖ እያለ እንዴት ይሰፋል ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ያ ልብስ የተሠራው ባለሙያውን ከሕመምተኛው ለመጠበቅ ነበር። ዕጥረት ስለነበር አንድ ጋውን የለበሰ ነርስ በዚያው ጋውን ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 10 ይሠራል። ሁለት ጓንት ደራርቦ የለበሰ ሰው እጁ የተጠበቀ ይመስለዋልና የላይኛውን ለመቀየር አይቸኩልም። ሕመምተኛ በሆዱ ለማስተኛት አራት አምስት ሰው ተጋግዞ ያገላብጣል፤ ከዚያ ያው ቡድን ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ከፊታቸው የነበረው ፍርሃት የቫይረሱ ነበር፤ ሁሉም ሕመምተኛ ያው ቫይረስ ስላለበት በመካከላቸው መጠንቀቅ ትርጉም የሌለው ይመስል ነበር። ሁሉም ያው ባክቴሪያ ግን አልነበረባቸውም።

ስለ አስታማሚው የሚነገረው አነስተኛ ነው። የእኛ ሆስፒታሎች የሚሠሩት በአስታማሚ ነው፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም። ገላ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ አንሶላ የሚቀይረው፣ የሚያገላብጠው ልጅ ወይ እህት ወይ ሚስት ናት። ለአንድ ሕመምተኛ የተመደበ አንድ ጥንድ እጅ ማለት ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ እነዚያ እጆች በሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ሥራው ግን አልቀረም፤ በጥቂት ነርሶችና በጽዳት ሠራተኞች ላይ ወደቀ። እያንዳንዱ አልጋ የራሱ እጅ የነበረው፣ አሥሩም አልጋ በአንድ እጅ ተገናኘ። የመከልከሉን ምክንያት እረዳለሁ፤ በዚያ ሰሞን ክትባት እንኳ ለአብዛኛው ሰው አልደረሰም። ያስከፈለን ዋጋ ግን ተቆጥሮ አያውቅም።

ውኃም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ከዓለም የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ በሕክምና ቦታውና በመጸዳጃው የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር አሟልተው የላቸውም። ቧንቧው በሄደ ቀን የምንታጠበው ከጀሪካን ነው፤ ጀሪካን ደግሞ ያልቃል።

ድህነት ብቻ ነው እንዳልል የአሜሪካ ቁጥሮች ይከለክሉኛል። እዚያ ከ2012 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች ሆስፒታል ውስጥ የሚሞተው ሰው በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በሆስፒታል የሚያዙ የተላመዱ ኢንፌክሽኖችና ሞቶች ሁለቱም ቢያንስ በ15 በመቶ ጨመሩ። የመጨረሻ የሚባሉትን መድኃኒቶች የተላመደው አሲኔቶባክተር ብቻውን በ78 በመቶ ዘለለ። በዚያው ዓመት ከ29,400 በላይ ሰው በእነዚህ ኢንፌክሽኖች ሞቷል፤ 40 በመቶ ያህሉ ኢንፌክሽኑ የያዛቸው ሆስፒታል ከተኙ በኋላ ነው። ውኃ ያለበት፣ ጋውን የሚጣልበት አገር ነው። የዓመታት ጥንቃቄ ሰው ሲጨናነቅና ሠራተኛ ሲደክም በወራት ውስጥ ተናደ። ይህን የሚያውቁት ግን ስለቆጠሩ ነው።

## የዝግጁነት ዝርዝር

በቅርቡ የምሠራበት ተቋም ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የዝግጁነት ዕቅድ ሲያዘጋጅ ከላብራቶሪ ተወክዬ ተሰብስቤያለሁ። ረቂቁ ከኮሮና የተማርነውን ይዟል። አልጋ፣ ኦክስጅን ማምረቻ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ማስክና ጋውን፣ የፒሲአር ኪት። እያንዳንዱ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካልቸር የሚል ግን የለም።

ተነሥቼ እንዲጨመር የጠየቅኩት ይህ ነው። የደም ካልቸር ጠርሙስና የመድኃኒት ዲስክ ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ ይገዛ። ወረርሽኝ ሲመጣ ከባክቴሪዮሎጂ ቢያንስ ሁለት ሰው ከቦታቸው አይነሡ። የኮሊስቲን መለኪያው ይሟላ። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የራሱ የውኃ ታንከር ይኑረው፤ በየአልጋው ራስጌ ሳኒታይዘር ይሰቀል። ጋውን በየአልጋው መቀየር ካልተቻለ ቢያንስ ከላዩ የሚደረበው የፕላስቲክ ሽርጥ ይቀየር።

«በወረርሽኝ ጊዜ ካልቸር ቅንጦት አይሆንም ወይ?» አሉ አንድ ትልቅ ሐኪም፤ የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ በሁለተኛው ማዕበል ጊዜ ቤታቸው ሳይገቡ የከረሙ። እኛ ዘንድ ለአንድ ሕመምተኛ የአንድ ቀን ሜሮፔነም ከአንድ ካልቸር ዋጋ እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። ከዚያ የ2013ን የሚያዝያ መዝገብ ገጾች ኮፒ አሳየኋቸው። ከኮቪድ ክፍል የተላኩት ጥቂት ናቸው፤ ከበቀሉት ውስጥ ደግሞ የ6ቱ አምድ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ገጾቹን ዝም ብለው አገላበጡና ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን ሕሙማን እንደሚያስታውሱ በጣታቸው ማሳየት ጀመሩ።

ጠርሙሱ፣ ዲስኩና ታንከሩ ዕቅዱ ውስጥ ገብተዋል። የሁለቱ ሰዎች ጉዳይ ለሰው ኃይል ክፍል ተመርቷል። ያልተስማማነው በአስታማሚው ነው። ለእያንዳንዱ ጽኑ ሕመምተኛ አንድ ሰው ተመርጦ፣ እጅ አስተጣጠብና ልብስ አለባበስ ተምሮ፣ የራሱን ሕመምተኛ ብቻ እየነካ እንዲገባ ነው ያቀረብኩት። ግማሹ ተሰብሳቢ ኢንፌክሽን እናስፋፋለን አለ፤ የነርሶቹ ኃላፊ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ስንት አልጋ ለብቻዋ ትይዝ እንደነበር ተናግራ ሐሳቡን ደገፈች። ውይይቱ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። እሷና እኔ እስከዚያ አስታማሚው የሚሠለጥንበትን የአንድ ገጽ መመሪያ እየጻፍን ነው።